የጂዳና የመካ ዝናብ፦ ሞተር ለሚነዱ፣ ተራራ ለሚወጡና ዋዲ ውስጥ ለሚያድሩ ወገኖች

እኛ የዝናብ አገር ልጆች ነን። ወሎም ሆነ ጅማ፣ አርሲም ሆነ ጎጃም ያደገ ሰው ክረምት አያስፈራውም። ጂዳ ላይ የሚያሳስተንም ይኸው ነው። ሰማዩ ሲጠቁር ሳዑዲዎቹ መኪናቸውን ያቆማሉ፣ ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት ያስቀራሉ፤ የኛ ልጅ ደግሞ “ይቺ ምን አላት” ብሎ ሞተሩን ያስነሳል።

ልዩነቱ መሬቱ ላይ ነው። አገር ቤት ዝናቡ ሦስት ወር ሙሉ ተከፋፍሎ ይወርዳል፤ አፈሩ ይጠጣዋል፣ ሣሩ ይይዘዋል። እዚህ የዓመቱ ዝናብ በጥቂት ቀን፣ አንዳንዴም በአንድ ጠዋት ያልቃል። የሚወርድበት መሬት ደግሞ ወይ ድንጋይ ነው ወይ አስፋልት፣ አንድም ጠብታ አይጠጣም።

እ.ኤ.አ. ኅዳር 25 ቀን 2009 ጂዳ ላይ በአራት ሰዓት ውስጥ ከ90 ሚሊሜትር በላይ ዘነበ፤ ከተማዋ በዓመት ከምታገኘው እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ሐጅ የሚጀመርበት ቀን ነበር። ከ100 ሰው በላይ ሞተ፤ በጣም የተጎዳው ቁወይዛ የሚባለው ሰፈር ነው። በጥር 2011 እንደገና ጎርፍ ሆነ፣ ሰውም ሞተ። ኅዳር 24 ቀን 2022 ደግሞ ከጠዋቱ እስከ ቀትር ትንሽ አለፍ ብሎ ባለው ጊዜ 179 ሚሊሜትር ወረደ። ከ2009 እጥፍ ያህል ቢሆንም የሞቱት ሁለት ሰዎች ናቸው። በመሀል ግድቦችና የጎርፍ ቦዮች ተሠርተዋል፤ ትምህርት ቤቶችም ቀድመው ተዘግተው፣ የጂዳ መካ መንገድም ተዘግቶ ነበር። ዝናቡ አልቀነሰም፤ ውጭ የተገኘው ሰው ግን ቀንሷል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ምክር አብዛኛው የሚያወራው ስለ አነዳድ ችሎታ ሳይሆን መቼ ማቆም እንዳለባችሁ ነው።

ውሃው የሚመጣው ከየት ነው?

የድሬዳዋ ልጆች ይህን ለማንም ማስረዳት ይችላሉ። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይነግድበታል፣ ይሻገርበታል፣ ይተኛበታል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ከላይ፣ ከደገኛው አገር የወረደው ጎርፍ ድሬዳዋን መታ፤ ከ200 ሰው በላይ ሞተ። ብዙዎቹ በተኙበት ነው የተወሰዱት።

ጂዳም ያው ነው። ከተማዋ በባሕሩና በሒጃዝ ተራሮች መካከል ተዘርግታለች፤ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚወርዱ ዋዲዎች በመሀሏ ያልፋሉ። ቁወይዛ የተሠራው ዋዲ ቁስ መውረጃ ላይ ነው። ዋዲ ጉለይልም አለ፤ ስሙን ሰፈር ብላችሁ ነው የምታውቁት፣ ድሮ ግን የውሃ መንገድ ነው። መካ ደግሞ ራሷ ዋዲ ናት፤ ሐረም የተሠራው ዋዲ ኢብራሂም በሚባለው ሸለቆ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ነው። በ1941 ጎርፍ ገብቶ ሰዎች ካዕባን እየዋኙ ጠወፍ ሲያደርጉ የተነሳ ፎቶ አለ፤ ብዙዎቻችሁ ስልካችሁ ላይ አይታችሁታል። የጣኢፍና የሀዳ ተራሮች 1,700 ሜትርና ከዚያ በላይ ናቸው፤ መካ ግን 300 ሜትር አይሞላም። ላይ የዘነበው ሁሉ በዋዲ ነዕማንና በዋዲ ፋጢማ በኩል ወደ ታች ነው የሚወርደው።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ያዙ፦ የሚገድላችሁ ውሃ እናንተ ላይ የዘነበው ላይሆን ይችላል። ፀሐይ ላይ ቆማችሁ ሰይል ሊመጣባችሁ ይችላል። ወደ ጣኢፍ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ፣ መብረቅ ብልጭ እያለ ካያችሁ፣ እናንተ ጋ ጠብታ ባይወርድም ዋዲ ውስጥ አትቁሙ።

ሞተር ላይ ላላችሁ

ዴሊቨሪ ላይ ያላችሁ ልጆች መጀመሪያ ይህን እወቁ፦ ከሁሉ የሚያንሸራትተው መንገዱ በደንብ ከራሰ በኋላ አይደለም፤ የመጀመሪያው አሥር፣ ሃያ ደቂቃ ነው። ጂዳ ላይ ለወራት ዝናብ ስለሌለ የመኪና ዘይት፣ አቧራና የጎማ ብናኝ አስፋልቱ ላይ ይከማቻል። ካፊያ ሲነካው ሳሙና ይሆናል። ጎርፍ ሲመጣ ታጥቦ ይሄዳል፤ ያኔ ግን ሌላ ችግር ይዞ ነው። ስለዚህ ጠብጠብ ሲጀምር “ሳይብስ ልድረስ” ብሎ ጋዝ መጨመር ትክክለኛው ተቃራኒ ነው። ዳር ያዙ፣ ሻይ ጠጡ፣ ሃያ ደቂቃ ጠብቁ።

አንድ የማውቀው የከሚሴ ልጅ በዚሁ ካፊያ ነው የወደቀው። ጎርፍ አልነበረም። ኢሻራ ላይ ያለውን ነጭ የእግረኛ መስመር እየታጠፈ ሲረግጥ የኋላ ጎማው ጥሎት ሄደ። የቁርጭምጭሚት ስብራት ሦስት ወር ቤት አስቀመጠው። ምግቡ የአርባ ሪያል ነበር።

ቀለም የተቀባ መስመር፣ የብረት የጉድጓድ ክዳን፣ ኮብሪ ላይ ያለው የብረት መጋጠሚያ፣ የማደያ ግቢ፣ የገበያ አዳራሾች መግቢያ ላይ ያለው ለስላሳ ንጣፍ፦ እነዚህ እርጥብ ሲሆኑ ፍሬን አይሠራባቸውም። በቀጥታ እለፏቸው፤ እዚያ ላይ እያላችሁ አትታጠፉ፣ ፍሬን አትያዙ። ፍሬን ስትይዙ የፊትና የኋላውን አንድ ላይ፣ ቀስ ብላችሁ እየጨመራችሁ ይሁን። ድንገት የፊቱን ጨምቆ መያዝ መውደቅ ነው፤ የኋላውን ብቻ መርገጥም ሞተሩን ያዞረዋል። እርጥብ መንገድ ላይ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት እጥፍ ያህል ነው። ከፊት ያለው መኪና አንድ ምሰሶ ሲያልፍ መቁጠር ጀምሩ፤ አራት ሳይሞላ እናንተ እዚያ ምሰሶ ጋ ከደረሳችሁ ተጠግታችኋል ማለት ነው።

ጎማ መላጣ ከሆነ በደረቅ ጊዜ ይሸከማችኋል፣ በዝናብ ግን አያውቃችሁም። የጎማው ጥርስ ሥራ ውሃውን ከሥር እየጠረገ ማውጣት ስለሆነ፣ ጥርስ ከሌለ ጎማው ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። “ዝናብ ሲሆን ንፋሱን ቀንሰው፣ ይይዛል” የሚል ምክር ትሰማላችሁ፤ ተሳስተዋል። ንፋሱ በልኩ ይሁን። ሞተሩ የኩባንያው ከሆነና ጎማው ካለቀ፣ ፎቶ አንስታችሁ ለሙሽሪፉ በዋትሳፕ ላኩለት። ጎማው ላይቀየር ይችላል፤ መልእክቱ ግን ስልካችሁ ውስጥ ይቀራል፣ አንድ ቀን ያስፈልጋችኋል።

የዝናብ ልብስ ስትገዙ ሱሪና ጃኬት የሆነውን ግዙ። ያ እንደ ጋቢ ከላይ የሚጣለው ርካሽ ላስቲክ በንፋስ ይነሳል፤ ካቴና ውስጥ ሲገባ ይጎትታችኋል። ሄልሜቱ መስተዋት ጉም ከያዘ ትንሽ ከፈት አድርጉት፤ ጨርሶ አታውልቁት። መብራት በቀንም ቢሆን አብሩ። ስልኩን መሪው ላይ እያዩ መንዳት በደረቅም ጥሩ አይደለም፤ እርጥብ መስተዋት ላይ ደግሞ ጣታችሁ አይሠራም፣ ዓይናችሁ ግን እዚያው ይቀራል።

አሁን ወደ ውሃው። ነፈቅ ውስጥ፣ ኮብሪ ሥር፣ የተጠራቀመ ውሃ ካያችሁ ተመለሱ። ጂዳ ላይ የንጉሥ አብዱላህ መንገድ ነፈቅ በተደጋጋሚ ሞልቷል፤ ውስጡ የገባ መኪና ጣሪያው ብቻ እስኪታይ ድረስ። ጥልቀቱን ከላይ ሆኖ ማወቅ አይቻልም፤ ጭቃማ ውሃ አንድ ስንዝርም ሁለት ሜትርም ቢሆን መልኩ አንድ ነው። የጉድጓድ ክዳንም ውሃው ገፍቶ ይከፍተዋል፣ ጉድጓዱ ግን አይታይም።

የቆመ ውሃ ሆኖ፣ ሥሩን የምታውቁት መንገድ ከሆነ፣ ፊት ለፊታችሁ ትንሽ መኪና ሲያልፍ እዩ። ውሃው የጎማውን መሀል ካልነካ በአንደኛ ማርሽ፣ ጋዙን ሳትለቁ፣ ሳትቆሙ እለፉ። ሲያልቅ ፍሬኑን ቀስ እያላችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ነካ ነካ አድርጉት፣ ይደርቃል። ውሃ ውስጥ ሞተሩ ከጠፋ እንደገና አታስነሱ። በፊልትሮው በኩል ውሃ ገብቶ ከሆነ ቢዬላውን ያጣምመዋል፤ ገፍታችሁ አውጡት፣ ካንዴላው ተፈትቶ ውሃው እስኪወጣ ጠብቁ።

የሚሄድ ውሃ ግን ሌላ ነው። እዚያ ላይ ጎበዝ የለም። 15 ሴንቲሜትር በኃይል የሚወርድ ውሃ፣ ቁርጭምጭሚት አለፍ ያለ ማለት ነው፣ የቆመ ሰው ይጥላል። 30 ሴንቲሜትር ትንሽ መኪና ያነሳል፤ 60 ሴንቲሜትር ትልልቁንም ይወስዳል። ሞተር በሁለት ጎማ የቆመ ነገር ነው፣ ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩ። በተጨማሪም በሳዑዲ የትራፊክ ሕግ ሰይል እየሄደ ዋዲ ማቋረጥ ከ5,000 እስከ 10,000 ሪያል ያስቀጣል። የስንት ወር ደሞዝ ነው?

ውሃው ሞተሩን ከያዘው ልቀቁት። ብዙ ሰው የሚሞተው እዚህ ነው፤ “የሰው ንብረት ነው፣ ያስከፍሉኛል” እያለ መሪውን ይዞ አብሮ ይሄዳል። ውሃው እናንተንም ከወሰዳችሁ በጀርባችሁ ተንጋለሉ፣ እግራችሁ ወደሚወርድበት አቅጣጫ ይሁን፣ ወደ ዳር ቅዘፉ። ፈጣን ውሃ ውስጥ ለመቆም አትሞክሩ፤ እግር ድንጋይ መሀል ሲቀረቀር ውሃው ከላይ ይጫናል። በጎርፍ ውስጥ የመብራት ምሰሶም አትያዙ፣ ጎኑንም አትለፉ። ኤሌክትሪክ ሊኖረው ይችላል።

ስለ ኦርደሩ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። አፕሊኬሽኑ ሰዓት ይቆጥራል፣ ደንበኛው ይደውላል፣ ሙሽሪፉ ይጮሃል፤ ይህን ከቢሮ ሆኖ “ደኅንነት ይቅደም” ማለት ቀላል እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ማስጠንቀቂያው በወጣ ሰዓት፣ ሥራ ሳይጀመር፣ የሰባት ስምንት ልጆች ቡድን አንድ ላይ “ቀይ ወጥቷል፣ አንወጣም” ብሎ መላክ አንዱ ለብቻው ከመላኩ የተለየ ነው።

ጀበል ለሚወጡ

ጁምዓ ዕረፍት የሚያገኝ ሰው መካ ሲሄድ ጀበል ኑር መውጣት ይፈልጋል፤ ኡምራ የሚመጡ ዘመዶችንም ይዘን እንወጣለን። ተራራው ከባሕር ወለል 642 ሜትር ነው። ጤነኛ ሰው አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ ደረጃው አለ፣ እኩል ግን አይደለም፣ የብዙ ሺህ ሰው እግር አልፎበት ድንጋዩ የለሰለሰበት ቦታ ብዙ ነው። ያ ለስላሳ ድንጋይ ውሃ ሲነካው መስተዋት ነው። ጀበል ሰውር ደግሞ ይረዝማል፣ መንገዱም ይከብዳል።

በዝናብ ማስጠንቀቂያ ቀን አትውጡ፤ ሌላ ጁምዓ አለ። ላይ እያላችሁ ከመጣ፣ ወዲያው ተሯሩጣችሁ አትውረዱ። ሰው የሚሰበረው ሲወጣ ሳይሆን ሲወርድ ነው። ነጎድጓድ ከሌለ ከጫፉ ዝቅ ብላችሁ፣ ውሃ ከማይወርድበት ጎን ተቀመጡ፤ ሲያባራ ደረጃውን ብቻ ይዛችሁ፣ ወደ ጎን እየረገጣችሁ ውረዱ። በደረጃው ምትክ በአቋራጭ የሚወርደው ቦይ አጭር ይመስላል፤ ዝናብ ሲመጣ ውሃውም ድንጋዩም የሚወርድበት እሱ ነው። በነጠላ ጫማ የሚወጣ ሰው ሁልጊዜ አያለሁ፤ ጥርስ ያለው ስኒከር ያድርጉ። እህቶች አባያውን ወገብ ላይ አሰር አድርጉት፣ ሲወርዱ ይረገጣል። እናትና አባት ይዛችሁ ከሆነ ከታች ሆነው ማየትም ይበቃል።

ወደ ሀዳ የሚሄዱም አሉ፤ አንዳንዶች በአሮጌው የግመል መንገድ በእግር ይወርዳሉ። የሀዳ አስፋልት መታጠፊያው ብዙ ነው፤ ዝናብ ሲሆን ድንጋይ ስለሚንከባለል ሙሩር ይዘጋዋል። ተዘግቶ ካገኛችሁት ዞራችሁ በሰይል መንገድ ሂዱ እንጂ ዳር ቆማችሁ አትጠብቁ፣ የሚንከባለለው ወደ ዳሩ ነው። ላይ ጉም ከያዛችሁ ወይም ልብሳችሁ ከራሰ ብርዱ ቀልድ አይደለም። ከጂዳ ሙቀት በቲሸርት የወጣ ሰው 2,000 ሜትር ላይ እርጥብ ሆኖ ንፋስ ሲመታው መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ንግግሩ ከተንተባተበ አደጋ ነው። እርጥቡን አውልቁለት፣ ደረቅ አልብሱት፣ ትኩስ ስጡት።

መብረቅ

ይህ ለሁሉም ነው። ብልጭ ሲል ቁጠሩ፤ 30 ሳይሞላ ነጎድጓዱ ከተሰማ እናንተም ክልሉ ውስጥ ናችሁ። መኪና ወይም ቤት ውስጥ ግቡ። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ሞተር ላይ መቀመጥ እንደ መኪና አይከላከልም። ተራራ ላይ ከጫፉ ውረዱ፤ ብቻውን የቆመ ዛፍ፣ የብረት አጥርና አንቴና ራቁ። ዋሻ አፍ ላይ መቆም ደግሞ የሚመስለውን ያህል አያድንም፤ መብረቁ በድንጋዩ ላይ ሲወርድ በዋሻው አፍ በኩል ይዘልላል። ከአንድ በላይ ከሆናችሁ ተራራቁ፤ የተመታ ሰው ካለ ሰውነቱ ኤሌክትሪክ አይዝም፣ ንኩት፣ ትንፋሽ ከሌለው ደረቱን መጫን ጀምሩ።

ከብት ጠባቂዎች

እናንተ ጋ ይህ ጽሑፍ ላይደርስ ይችላል፤ ስልካችሁ ኔት የሚያገኘው ኮረብታ ስትወጡ ነው። ወንድም ያለው በድምፅ አንብቦ ይላክለት።

ድንኳኑ ዋዲ ውስጥ የሚተከለው አሸዋው ለስላሳ፣ ሣሩም እዚያ ስለሆነ ነው፤ ከፊሉም “እዚህ እደር” ብሎ ይሆናል። ቀን እዚያ ብትውሉም ሌሊት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ተኙ። የድሮ ጎርፍ የት እንደደረሰ ዋዲው ራሱ ይናገራል፤ ቁጥቋጦ ላይ የተንጠለጠለ ደረቅ ጭራሮ፣ ላስቲክና ገለባ ካያችሁ ውሃው እስከዚያ ነበር። ከዚያ በላይ ተኙ። ሰይል ሲመጣ መጀመሪያ ድምፅ ነው፤ እንደ ከባድ መኪና ያጉረመርማል። ትንሽ ይወርድ የነበረ ውሃ ድንገት ከደፈረሰና ጭራሮ ይዞ ከመጣ፣ ደቂቃዎች ናቸው ያሏችሁ። ወደ ጎን፣ ወደ ኮረብታው ውጡ፤ በዋዲው ቀድሜ ወደ ታች እሮጣለሁ የሚል አይቀድመውም። በጎቹ እንስሳ ናቸው፣ ብዙ ጊዜ ራሳቸው ይወጣሉ። ለበግ ብለህ አትመለስ ወንድሜ።

ማስጠንቀቂያውና ስልኩ

የሳዑዲ የሜትሮሎጂ ማዕከል ሦስት ቀለም ይጠቀማል፦ ቢጫ ተጠንቀቅ፣ ብርቱካን ተዘጋጅ፣ ቀይ አትውጣ ብላችሁ ያዙት። ዲፋዕ መደኒም ስልክ ላይ በከፍተኛ ድምፅ የሚጮህ መልእክት ይልካል፤ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሳታነቡ አታጥፉት። ሌላው ምልክት የትምህርት ቤት መዘጋት ነው። ቤት ውስጥ የምትሠሩ እህቶች ይህን ቀድማችሁ ትሰማላችሁ፤ ልጆቹ ነገ ቤት ናቸው ከተባለ ሞተር ላይ ላለው ወንድማችሁ መልእክት ላኩለት። ዋናው ወቅት ከኅዳር እስከ ጥር ቢሆንም መካ በነሐሴም ማዕበል አይታለች፤ በ2023 እንደዚያ ነበር፣ የሰዓቱ ግንብ በመብረቅ ሲመታ ሁሉም አይቶታል።

በመካ ክልል፣ ጂዳን ጨምሮ፣ ለሁሉም አደጋ 911 ነው። አምቡላንስ ሂላል አሕመር 997፣ ዲፋዕ መደኒ 998። ቋንቋው ካልሆነላችሁ ይህችን ያዙ፦ “ፊ ሰይል፣ አና ፊ ኸጠር” ማለት ጎርፍ አለ፣ አደጋ ላይ ነኝ ነው። “ፊ ዋሕድ መጅሩሕ” የቆሰለ ሰው አለ። ቀጥሎ የሰፈሩን ስም፣ ቅርብ ያለ መስጊድ ወይም ማደያ ስም ተናገሩ። ቀድማችሁ ሎኬሽን ለጓደኛ ላኩ፤ ባትሪው ቢሞት የሚፈልጋችሁ ሰው የት እንደሚጀምር ያውቃል።

ኢቃማ የሌላቸው ወገኖች “ብደውል ይይዙኛል” ይላሉ። ከጎርፍ የሚያወጡት ዲፋዕ መደኒዎች ናቸው፤ ሥራቸው ማዳን ነው። በኋላ ምንም አትጠየቁም ብዬ ግን ዋስትና መስጠት አልችልም። የሚፈራ ካለ በሌላ ሰው ስልክ ያስደውል፣ ግን ይደወል። ከሽሜሲ ሰው ተመልሶ አይተናል፤ ከሰይል ግን አይመለስም።

ሥራ ላይ ተጎድታችሁ ከሆነ ያን ቀኑን ለአሠሪው በጽሑፍ አሳውቁ፣ የሆስፒታሉን ወረቀት ሁሉ ፎቶ አንሱ፣ ቦታውንና ሞተሩንም ጭምር። በኩባንያ የተመዘገበ የውጭ ሠራተኛ በታሚናት ኢጅቲማዒያ የሥራ ላይ አደጋ ዋስትና አለው፤ የደሞዙን 2 በመቶ የሚከፍለው አሠሪው ነው፣ ከእናንተ አይቆረጥም። የቤት ሠራተኛ ሆኖ የተመዘገበ ሰው እዚህ ውስጥ አይገባም፤ ኢቃማው ላይ “ሳኢቅ ኻስ” ተብሎ ዴሊቨሪ የሚሠራ ልጅም ያው ነው፣ ስለዚህ ኢቃማችሁ ላይ ምን እንደተጻፈ ዛሬውኑ እዩ። የሞት ወይም የጠፋ ሰው ጉዳይ ከሆነ የፓስፖርትና የኢቃማ ኮፒ ይዛችሁ ጂዳ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ሂዱ። ኮፒውን አሁን፣ ፀሐይ እያለ፣ ለአንድ ጓደኛና አገር ቤት ላለ ሰው ላኩ።